ማሪያ ቴሬዛ፤ በጌጣችን ውስጥ የቀለጡት ንግሥት

ብር የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው አንጥረኛ በከሰል የሚያቀልጠው ነጭ ማዕድን ነው፤ ሁለተኛው በደመወዝ ቀን ቆጥረን የምንቀበለው የአገራችን ገንዘብ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩት ለረጅም ዘመን ገንዘቡም ጌጡም ከአንድ ነገር ይወጡ ስለ ነበረ ነው። ይኸውም አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ይሉት የነበረው ክብ መሐለቅ ነው። ሲያስፈልግ በሬ ይገዛበታል፤ ሲተርፍ ቀልጦ ለሙሽራ አምባር፣ ለአንገት መስቀል፣ ለእግር አልቦ ይሆናል። ክፉ ቀን የመጣ እንደ ሆነም አምባሩ ተመልሶ በሚዛን ይሸጣል።

በዚህ መሐለቅ ላይ የተቀረጹት ሴት ማን እንደ ነበሩ ግን ከብዙዎቻችን ተሰውሯል። የአውሮፓን ታሪክ በትምህርት ቤት ያነበበ ተማሪ ስማቸውን ከጦርነቶችና ከስምምነቶች ዝርዝር ጋር ያስታውሰው ይሆናል፤ በአያቱ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀመጠው ብር የእኚያው ሴት መሆኑን ግን አያገናኘውም። ከዱራሜ እስከ ጎንደር እውነተኛ የብር ጌጥ ከገበያ እየጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው እየናረ በሄደበት በዛሬው ጊዜ የእኚህን ንግሥት ሕይወት ለማንሣት ያሰብነው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን።

ማሪያ ቴሬዛ በ1717 በሜይ ወር በቪየና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ስድስተኛው ካርል የቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥትና የሀብስቡርግ ቤት አለቃ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ወንድ አላገኙም። ወንድ ልጅ የማይገኝ እንደ ሆነ ሴት ልጅ ዙፋኑን እንድትወርስ የሚፈቅድ ሕግ በ1713 አውጥተው ነበርና፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህን ሕግ የአውሮፓ ነገሥታት አንድ በአንድ እንዲቀበሉላቸው በመለመን ነው። ለእያንዳንዱ ፊርማ አንድ ነገር ይሰጡ ነበር፤ ለአንዱ መሬት፣ ለሌላው የንግድ መብት። ፊርማውን ሰብስበው ሣጥን ሞሉ። የሚያስደንቀው ነገር ግን ወራሽ ትሆናለች ብለው ይህን ሁሉ የደከሙላትን ልጅ የመንግሥት ሥራ አለማስተማራቸው ነው። ልጅቷ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ሙዚቃና ጭፈራ ተማረች፤ ሠራዊት እንዴት እንደሚመገብ፣ ግምጃ ቤት እንዴት እንደሚሞላ ግን ማንም አልነገራትም።

በ1736 የሎሬኑን መስፍን ፍራንዝ ስቴፋንን አገቡ። ይህ ጋብቻ በነገሥታት ቤት እምብዛም ያልተለመደ የፍቅር ጋብቻ ነበር። ከዚህ ጋብቻ 16 ልጆች ተወለዱ፤ ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ናቸው።

አባታቸው በ1740 በኦክቶበር ወር ሲሞቱ ማሪያ ቴሬዛ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ነፍሰ ጡርም ነበሩ። የወረሱት ግምጃ ቤት ባዶ ነበረ፤ ሠራዊቱም የደከመ ነበረ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬደሪክ ጦራቸውን ወደ ሲሌዝያ አስገቡ። ሲሌዝያ በሽመና ሥራዋና በማዕድኗ የታወቀች፣ ለሀብስቡርግ ቤት ከፍ ያለ ግብር የምታስገባ አገር ነበረች። ከዚያ ወዲያ ባቫሪያም፣ ፈረንሳይም፣ ሳክሶኒም ተነሡ፤ አባትየው የሰበሰቡት ፊርማ ሁሉ በአንድ ክረምት ከወረቀት በላይ ዋጋ አልነበረውም። በአገራችን ሰው ባለዕዳን በዋስ ይይዛል፤ ንጉሥን በዋስ የሚይዝ ግን ማን ነው?

ወጣቷ ንግሥት በ1741 በጁን ወር ወደ ፕሬስቡርግ ሄዱ። ይህች ከተማ ዛሬ ብራቲስላቫ ትባላለች። በዚያም በሀንጋሪ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ። ሥርዓቱ ዘውድ የጫነው ሰው በፈረስ ወደ አንድ ጉብታ ወጥቶ ሰይፉን በአራቱም ማዕዘን እንዲያወዛውዝ ያዝዛል፤ እርሳቸውም ከወለዱ ሦስት ወር ገደማ ብቻ ሆኗቸው ሳለ ይህን ሁሉ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የሀንጋሪን መኳንንት ሰብስበው በላቲን ቋንቋ እርዳታ ለመኑ። ሠዓሊዎች በኋላ ዘመን ሕፃኑን ልጃቸውን ዮሴፍን በክንዳቸው እንደ ታቀፉ አድርገው ሥለውታል፤ ሕፃኑ በእውነት ወደ ከተማይቱ የመጣው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው። መኳንንቱ ሕይወታቸውንና ደማቸውን ሊሰጡ ቃል ገቡ። የመጣው ወታደር ቃል ከተገባው ያነሰ ቢሆንም፣ መንግሥቱ እንዳልሞተ ለጠላት ለማሳየት በቃ።

ጦርነቱ እስከ 1748 ቆየ። ማሪያ ቴሬዛ ዙፋናቸውን አዳኑ፤ ባላቸውም በ1745 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተመረጡ፤ ሲሌዝያ ግን አልተመለሰችም። ከ1756 እስከ 1763 በተደረገው ሁለተኛ ጦርነትም ሊያስመልሷት ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ። ይህችን የጠፋች አገር ዕድሜ ልካቸውን አልረሷትም።

ሲሌዝያን ማጣት ለንግሥቲቱ አንድ ነገር አስተማረ፤ ገንዘብ የሌለው መንግሥት መንግሥት እንዳልሆነ። ስለዚህ ከ1748 በኋላ ባለርስት መኳንንትና ቤተ ክህነት ሳይቀሩ ግብር እንዲከፍሉ አደረጉ፤ ግብሩንም በየአውራጃው ያለ መኳንንት ጉባኤ ሳይሆን የመንግሥት ሹም እንዲሰበስበው አዘዙ። ለወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህ ክፍል ከጦርነቱ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ነው ብለን እናምናለን።

የእኛ ነገር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የጀርመን አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መሐለቅ ይመቱ ነበር። ታለር የሚባለው ትልቅ የብር መሐለቅ ስሙን ያገኘው በቦሄሚያ ካለችው ዮአኪምስታል ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው፤ ዶላር የሚለውም ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። ነገር ግን በአንዱ ታለር ውስጥ ያለው ብርና በሌላው ውስጥ ያለው ብር እኩል አልነበረም። ገንዘብ ያጠረው መስፍን ሁሉ ብሩን እየቀነሰ መዳቡን ይጨምር ነበርና ነጋዴው መሐለቅ ሁሉ ሊያስመዝን ይገደድ ነበር። በ1753 የማሪያ ቴሬዛ መንግሥት ከባቫሪያ ጋር ተስማምቶ አንድ ደንብ አወጣ፤ ከአንድ የኮሎኝ ማርክ ንጹሕ ብር፣ ይኸውም ከ233.9 ግራም ገደማ፣ 10 ታለር እንዲወጣ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ታለር ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል። እንዲጠነክር መዳብ ተጨምሮበት ጠቅላላ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው። ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው ማለት ነው።

በጠርዙም ዙሪያ ንግሥቲቱ በፍትሕና በምሕረት እንደሚገዙ የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ተቀረጸ። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ አታላይ በሞረድ ዙሪያውን እየፋቀ ብናኙን ያጠራቅማል፤ መሐለቁንም መልሶ በሙሉ ዋጋ ያልፈዋል። ጽሑፍ ያለበት ጠርዝ ግን ሲፋቅ ወዲያው ይታወቃል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ጣቱን በጠርዙ ላይ አዙሮ የጐደለውን ይለያል።

በግል ሕይወታቸው ማሪያ ቴሬዛ ጌጥ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ባላቸው ፍራንዝ ስቴፋን የከበረ ድንጋይና ልዩ ልዩ የተፈጥሮ ነገር መሰብሰብ ይወዱ ስለ ነበር፣ በ1760 ገደማ ንግሥቲቱ ከ2,000 በላይ አልማዝና ከ700 በላይ ባለቀለም ድንጋይ የተሰካበት ሰው ሠራሽ የአበባ እቅፍ አሠርተው ሰጥተዋቸዋል። ይህ እቅፍ ዛሬ በቪየና በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይታያል። አበባው በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ብሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖረ። ከሁለቱ ለሰው ልጅ ይበልጥ የጠቀመው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ፍራንዝ ስቴፋን በ1765 በኦገስት ወር፣ በልጃቸው በሊዮፖልድ ሠርግ ሰሞን፣ በኢንስብሩክ ከተማ በድንገት ሞቱ። ንግሥቲቱ ጠጉራቸውን ተቆረጡ፤ እስኪሞቱ ድረስ 15 ዓመት ጥቁር ለበሱ። ጠገራ ብር በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ከንግሥቲቱ ራስ ላይ ወደ ኋላ የወረደ መሸፈኛ ያያል፤ ያ የመበለት መሸፈኛ ነው። በአገራችን ሙሽሮች አንገት ላይ ይህን ያህል ዘመን ሲንጠለጠል የኖረው መልክ የሐዘንተኛ መልክ እንደ ነበር ያሰበ ብዙ ሰው አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ ከልጃቸው ከዮሴፍ ጋር አብረው ገዙ፤ እናትና ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አይስማሙም ነበር። በ1767 ፈንጣጣ ቤታቸውን መታው፤ የልጃቸው ሚስት ሞተች፤ እርሳቸው ታመው ዳኑ፤ በዚያው ዓመት ሴት ልጃቸውን ቀበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪም አስመጥተው ልጆቻቸውን ለፈንጣጣ አስከተቡ፤ ንግሥቲቱ ያደረጉትን አይቶ ሌላውም ሰው ተከተለ። በ1774 ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲማር አዋጅ አወጡ። በ1776 በምርመራ ጊዜ ሰውን ማሠቃየት እንዲቀር ተደረገ።

ክፉ ሥራም አለባቸው። በ1744 የፕራግን አይሁድ ከከተማይቱ እንዲወጡ አዝዘው ብዙ ሰው በክረምት ተሰድዷል። በሃይማኖት የሚለዩአቸውን ፕሮቴስታንቶችንም አስጨንቀዋል። በ1772 ፖላንድ ስትከፈል ሥራው ልክ እንዳልሆነ እያወቁና እያዘኑ ድርሻቸውን ወሰዱ። የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት የምንጽፍ ሰዎች ይህን የመሰለውን መዝለል ይቀናናል፤ ሲዘለል ግን የሚቀረው ሰው ሳይሆን ሐውልት ነው።

ማሪያ ቴሬዛ በ1780 በኖቬምበር ወር መጨረሻ በ63 ዓመታቸው በቪየና ሞቱ። ከብዙ ዓመት በፊት ለባልና ለሚስት ተብሎ በተሠራው ሰፊ የብረት ሣጥን ውስጥ ከባላቸው ጋር ተቀበሩ።

ንግሥቲቱ ሞቱ፤ ብሩ ግን አልሞተም። በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ታለሩ ከአውስትሪያ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ይሄድ ነበር፤ የአውሮፓ ነጋዴ ለቡና፣ ለሙጫ፣ ለዝባድና ለሌላው ሸቀጥ የሚከፍለው በዚሁ ነበር። በትሪየስቴና በማርሴይ በኩል ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም በቀይ ባሕር ወደ ጅዳና ወደ ሞካ፣ በምጽዋ በኩልም ወደ እኛ ይደርሳል። ዮሴፍ ሲነግሡ በእርሳቸው መልክ የተመታውን ታለር የምሥራቅ ገበያ አልወደደውም። ነጋዴዎች የለመዱትን የመበለቲቱን መልክ ጠየቁ። ስለዚህ የመምቻ ቤቱ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሚመታውን ብር ሁሉ ንግሥቲቱ በሞቱበት ዓመት፣ በ1780፣ እየጻፈ ቀጠለ። አውስትሪያ ራሷ በ1858 ይህን ብር በአገሯ ከሕጋዊ ገንዘብነት አውጥታዋለች፤ ለውጭ ንግድ ግን መምታቷን አላቋረጠችም። በጠቅላላው የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው።

ገበያው መልኩን እስከዚህ ድረስ የጠበቀው በሞኝነት አልነበረም። ፊደል የማይለይ ሰው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው በምልክት ነው። በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉት ሉሎች ተቆጥረው ይታወቃሉ፤ በትከሻቸው ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትም እንደዚሁ። ከደረታቸው በታች ሁለት ትንንሽ ፊደሎች አሉ፤ እነዚህ በጉንዝቡርግ የመምቻ ቤት የነበሩ የሁለት ሹሞች ስም መነሻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የጠፋበት ወይም በመነካካት ብዛት የለሰለሰ ብር በብዙ ገበያ አይወሰድም፤ ቢወሰድም በጐደሎ ዋጋ ነው። ሁለት ሹሞች ስማቸው በኢትዮጵያ ገበያ በጥፍር እየተፈተሸ መቶ ዓመት ሙሉ ሊኖር ከቶ አላሰቡም ነበር።

በአገራችን ጠገራ ብር ከአሞሌ ጨው ጋር ጐን ለጐን ይሠራ ነበር። የአንዱ ብር አሞሌ ቁጥር እንደ መንገዱ ርቀት ይለያያል፤ ጨው ከሚወጣበት ከአፋር በረሃ አጠገብ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ መጠን እያነሰ ይሄዳል። እንግሊዞች በ1867 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከሕዝቡ እህልና ከብት ለመግዛት ሌላ ገንዘብ እንደማይሠራ ስላወቁ ብዙ ሚሊዮን ታለር ይዘው ገቡ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1893 አዋጅ አውጥተው በፓሪስ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላም የገጠሩ ሰው የለመደውን አልተወም፤ የማርትሬዛው ብር ከምኒልክ ብር ጋር አብሮ ኖረ። ጣሊያኖችም በኤርትራ በ1890 የራሳቸውን ታለር፣ በ1918 ደግሞ ንግሥቲቱን የምትመስል ሴት ያለበትን ሌላ ታለር መትተው ነበር፤ ሁለቱንም ገበያው ናቃቸው።

ለአንጥረኛው ደግሞ ይህ ብር ማዕድኑም ሚዛኑም ነበር። አንድ ወቄት የሚባለው ክብደት ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር የተካከለ ስለ ነበር፣ ወርቅ የሚመዝን ሰው በሚዛኑ በአንዱ ወገን ጠገራውን ያኖራል። የአገራችን አንጥረኛ ከመሬት የተቆፈረ ብር አላገኘም ማለት ይቻላል፤ ጌጥ ያዘዘው ሰው ራሱ ብሩን ቆጥሮ ይዞ ይመጣል። አንጥረኛው በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል፤ ይቀጠቅጠዋል፤ ቀጭን ሽቦ አድርጎ እየሳበ ይጠመዝዘዋል። አምስት ብር የሰጠ ሰው የአምስት ብር ክብደት ያለው አምባር ይቀበላል፤ የእጅ ዋጋ ለብቻው ይከፍላል። በዚህ ዓይነት ጌጡ የቤተሰቡ ባንክ ሆነ። አንድ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው በሚስቱ አንገት ላይ ይታይ ነበር።

ነገር ግን ይህ ባንክ ቁልፉ በሩቅ አገር ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት በ1934 ብር በብዛት ሊገዛ ሕግ ሲያወጣ፣ በ1933 መጀመሪያ አንዱ አውንስ 25 የአሜሪካ ሣንቲም ገደማ የነበረው ብር በ1935 ጸደይ ወደ 81 ሣንቲም ወጣ። በጠገራው ውስጥ ያለው ብር ሦስት ሩብ አውንስ ስለ ሆነ፣ 19 ሣንቲም ያወጣ የነበረው ማዕድን 61 ሣንቲም አወጣ ማለት ነው። ይህን ጊዜ ብሩን ሰብስቦ በማዕድንነቱ ወደ ውጭ መሸጥ አተረፈ፤ ነጋዴም ይህን አደረገ። በዚያው በ1935 ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ መምቻውን ከቪየና ወስዳ በሮማ መምታት ጀመረች። ሌሎቹም ዝም አላሉም፤ ከ1936 ጀምሮ ለንደን፣ ከዚያም ፓሪስና ብራስልስ፣ በኋላም ቦምቤይ መቱ። ሁሉም የጻፉት ዓመት 1780 ነው።

በ1945፣ በእኛ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም.፣ አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛ ከገንዘብነት ወረደ። ብዙው ተሰብስቦ ተመለሰ፤ የቀረው በሣጥንና በአንጥረኛ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠገራ በብዛት ወደ አገር አልገባም። ስለዚህ ዛሬ የድሮ የብር ጌጥ የሚፈልግ ሰው የሚሻማው በተወሰነ ክምችት ላይ ነው። በገበያ የሚታየው ነጭ መስቀልና ነጭ አምባር ሁሉ ብር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ የጀርመን ብር ቢባልም በውስጡ አንዲት ቅንጣት ብር የለበትም።

ይህ ነገር የታሪክ ወሬ ብቻ እንዳይመስል በዱራሜ ያየነውን እንጨምር። በሐምበሪቾ ተራራ ሥር ባለችው በዚህች የከምባታ ከተማ አንዲት አሮጊት እናት ሦስት ጠገራ ብር ከጨርቅ ፈትተው ለሁለት ሰዎች ሲያሳዩ አገኘናቸው። ሁለቱ ብሮች በአንገት የሚንጠለጠሉበት ቀለበት ተበይዶባቸዋል። እንደ ብዙ የከምባታና የሀድያ ቤት የእርሳቸውም ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አሁን ታናሹም ሊከተለው ተነሥቷልና እናት ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ይፈልጋሉ። አንደኛው ገዢ ብሩ ጠቁሯልና አርጅቷል ብሎ ዋጋውን ጣለ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ገዢም ሳይሆን አማካሪ መስሎ፣ በላዩ 1780 ስለ ተጻፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ነው፣ በሚሊዮን ይሸጣል ብሎ እናትየውን አስጐመጃቸው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ባለ የድኝ ቅልቅል ነው፤ ጥቁረቱ ከላይ ያለ ስስ ሽፋን ስለ ሆነ ከብሩ ክብደት የሚታወቅ ነገር አይቀንስም። 1780 የሚለውም ቁጥር፣ ከላይ እንዳየነው፣ የተመታበትን ዓመት አይናገርም፤ ያ ብር በ1938 ሮማ ወይም ለንደን የተመታ ሊሆን ይችላል። የትኛው የመምቻ ቤት እንደ ሆነ በንስሩ ላባና በጥቃቅን ነጥቦች የሚለዩ አዋቂዎች አሉ፤ ጥቂቶቹም ዓይነቶች ሰብሳቢዎች ዘንድ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ። ቀለበት የተበየደበትን ግን ሰብሳቢ አይፈልገውም፤ ብረትነቱ እንጂ መሐለቅነቱ ተበላሽቷልና።

የቀረው ስሌት ነው፤ ስሌቱንም ለእናትየው በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው። በአንዱ ብር 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ይህ የአንድ አውንስ ሦስት ሩብ ነው። የዓለም ገበያ ብርን በአውንስ በዶላር ይተምናል፤ በ2024 መጨረሻ አንዱ አውንስ 29 ዶላር ገደማ ነበረ፤ በ2025 በኦክቶበር ከ50 ዶላር አለፈ። በ50 ዶላር የታሰበ እንደ ሆነ በአንዱ ጠገራ ውስጥ ያለው ማዕድን 37 ዶላር ተኩል ያህል ያወጣል። በዚህ ላይ የእኛ ገንዘብ አለ፤ በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ማዕድኑ በዓለም ገበያ ባይወደድ እንኳ በዱራሜ ይወደዳል። ገዢው ለማቅለጫና ለትርፉ ጥቂት ቢቀንስ ያለ ነው፤ ግማሹን ቢቀንስ ግን እናትየው ወረቀቱን አውጥተው ማሳየት ይችላሉ። ሣጥናቸው ውስጥ የቀረውን አምባር ግን በዚህ ስሌት ብቻ እንዳይሸጡት ነግረናቸዋል፤ በአምባሩ ላይ የአንጥረኛው እጅ አለ፤ ያን እጅ የሚተምን ሚዛን በዚያ ገበያ የለም፤ አንድ ጊዜ ከቀለጠም የሚቀረው ክብደቱ ብቻ ነው።

ጌጥ ለሚገዙ ወጣቶች አንድ ነገር እንጨምር። የጀርመን ብር የሚባለውን ማግኔት አይለየውም፤ ማግኔት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አይስብምና። ክብደት ግን ይለየዋል። በሳይንስ ክፍል ውኃ በተሰፈረ ብርጭቆ የተለማመደ ተማሪ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ የአሥር ጠገራ ክብደት ያለው ጌጥ፣ ይኸውም 281 ግራም ገደማ፣ እንደ ጠገራው ብር ከሆነ ውኃውን በ27 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ የኒኬሉ ቅልቅል ከሆነ ግን ከ32 ያልፋል።

በቪየና ያለው የገንዘብ መምቻ ቤት ማሪያ ቴሬዛን ዛሬም ይመታል። ቱሪስትና ሰብሳቢ ይገዛዋል፤ ዋጋውም እንደ ብሩ ገበያ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። መሸፈኛቸው፣ ሉሎቻቸው፣ የሁለቱ ሹሞች ፊደሎች እንደ ጥንቱ ናቸው፤ ከንስሩ በላይ ያለው ዓመትም 1780 ነው።